የቀጥቃጩ ደወል

ቡርቃ ሶረማ፣ ጥቅምት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአዮ ቀለሟ
ነቀምቴ፣ ጨለለቂ

አካም ጅርቱ አዮ፣ እናቴ? ነጋ? ፈያ? ሲና ደህና ናት? የስፌት መኪናዎስ አሁንም እንደ ድሮው ያኮርፋል? ሰላምታ የሚያሳጥር ሰው ቤትዎ ራት እንደማይቀርብለት የተማርኩት ገና ተማሪ ሆኜ ግቢዎ ተከራይቼ ስኖር ነውና በአንድ ትንፋሽ ሁሉንም ጠይቄያለሁ። እኔ ደህና ነኝ። እግሬና ጫማዬ ብቻ ተጣልተዋል፤ ቀኑን ሙሉ በየወንዙ ዳር ነው የምንውለው።

ደብዳቤዎን ቢራቱ አድርሶልኛል። ሚኒባሱን ጉብታው ላይ አቁሞ፣ "የወርቅ ሰውዬ! እናትህ ጽፋለች!" ብሎ ሲጮህ አገሩ ሁሉ ሰማ። ጩኮውም ደርሷል። እኩሌታውን የሥራ ባልንጀራዬ ጂሩ በላው፤ የወርቅ መፈለጊያው ማሽን የእሱ ስለሆነ አልተቆጣሁትም። እጅዎ ይባረክ። እዚህ ከቆሎና ከሻይ ሌላ ነገር ካየሁ ሰንብቻለሁ።

ማሽኑ ለወርቅ ብቻ ነው ወይ የሚጮኸው ብለው ጠይቀውኛል። አዮ፣ ቢሆንማ ኖሮ ይኼኔ ለሲና ፎቅ በሠራሁላት! ይኼ ማሽን ያገኘውን ማዕድን ሁሉ ይጣራል፦ ሚስማር፣ የሰርዲን ቆርቆሮ፣ የጥይት ቀለህ፣ የበቅሎ ልጓም። እጀታው ላይ ግን አንድ ማዞሪያ አለች፤ እሷን ስናዞራት ብረት ሲያገኝ ዝም ይላል፣ ለሌላው ብቻ ይጮኻል። ወርቅ ፈላጊ ሁሉ ብረትን እንደዚያ አድርጎ አስጥሎ ነው የሚሄደው፤ አለዚያ ሚስማር ሲለቅም መዋሉ ነው። ጥልቀቱን በተመለከተ፣ ምስር የምታህል ወርቅ ከሆነች ከስንዝር ብዙም አያልፍም። ትልቅ ብረት ግን ክንድ ሙሉ ተቀብሮም ድምፁን ያሰማል።

አሁን ደግሞ እኔ ልጠይቅ። ይህን ለምን ፈለጉት? የጠፋብዎ ነገር ካለ ይንገሩኝ። ታይፎይድ የጣለኝ ጊዜ፣ ቡሬ ያሉት ወላጆቼ መንገድ ተዘግቶባቸው መምጣት ሲያቅታቸው፣ የስፌት መኪናዎን አልጋዬ አጠገብ አምጥተው እየሰፉ ያስታመሙኝ እርስዎ ነዎት። ያን ጊዜ "እግዜር ይስጥልኝ" ለማለት እንኳ አፌ ደርቆ ነበር። ለእርስዎ የሚሆን ነገር ምድር ውስጥ ካለ ወርቁ ይቆየኛል።

ልጅዎ ሽብሩ


ነቀምቴ፣ ጥቅምት 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ኢልማ ኮ፣ ልጄ ሽብሩ፣

ሰላምታህ ሞልቷል፤ ራት ይገባሃል። ሲና ደህና ናት። መኪናዬም ታኮርፋለች፤ ከእኔ ጋር አብራ አርጅታ ምን ታድርግ። ኔትወርክ በመጣ ቀን ብደውልልሽስ ብለህ በቢራቱ በኩል ላልከኝ ግን አትድከም። ጆሮዬ ዘንድሮ ጭራሽ ጥሎኛል። መኪናዬን እንኳ የምሰማት በእጄ ነው፣ መዳፌን ጨርቁ ላይ አድርጌ። ስለዚህ ጻፍልኝ። በእኛ ጊዜ ፊደል የቆጠርነው በአማርኛ ስለነበር ልጽፍ ስነሳ የሚመጣልኝ እሱ ነው፤ ለአንተም ተመቸህ።

ለምን ፈለግሽው አልከኝ። ባለፈው በላክኸው ፖስታ ላይ "ቡርቃ ሶረማ" የሚለውን ሳነብ መርፌው ጣቴ ውስጥ ገባ። የተወለድኩት እዚያ ነው። አራት ዓመት ግቢዬ ስትኖር አልነገርኩህም፤ ለማንም አልነገርኩም። አባቴ ደረሳ ቱምቱ ነበር፣ ብረት ቀጥቃጭ። ሰዎቹ ማረሻውንና ማጭዱን እንጂ እሱን አይወዱትም ነበር። ቤታቸው ሲሄድ ደጅ አቁመው ነው የሚያናግሩት፤ አብሮት ማዕድ የሚቆርስ አልነበረም። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ግን ከሁሉ ጋር አንድ አግዳሚ ላይ ይቀመጣል። ለዚህ ነው ያቺን ቤተ ክርስቲያን ከዓይኑ አብልጦ የወደዳት።

የቤተ ክርስቲያኗ ደወል የመኪና ቸርኬ ነበር። ከጣሊያን ጊዜ የቀረ የጭነት መኪና ቸርኬ፣ ዋንዛው ላይ በሰንሰለት የተንጠለጠለ፤ በብረት ዘንግ ሲመቱት ቆላው ድረስ ይሰማል። በደርግ ጊዜ ቤተ ክርስቲያኗን ሊዘጉ መሆኑ ሲሰማ ቄስ ቀጀላ ቸርኬውን አውርደው፣ "ደብቀው፤ ቤተ ክርስቲያኗ ዳግም እስክትከፈት ማንም እንዳያውቅ" ብለው አስምለው ለአባቴ ሰጡት። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ከሰዓት በኋላ አህያዋ ላይ ጭኖ ጭድ አልብሶት ሲወጣ አይቻለሁ። ሲመለስ ቸርኬው የለም፤ እግሩ እስከ ጉልበቱ ጥቁር ጭቃ ነው። የእኛ ጉብታ ቀይ አፈር ነው፤ ጥቁር ጭቃ ያለው ታች ረግረጉ ውስጥ ብቻ ነው። "ቀለሟ፣ ያየሽው ነገር የለም" አለኝ። እኔም ምንም እንዳላየሁ ሆኜ ኖርኩ።

ቄስ ቀጀላ ታስረው በዚያው ቀሩ። አባቴም ቤተ ክርስቲያኗ ልትከፈት አንድ ዓመት ሲቀራት በድንገት ሞተ። ስትከፈት "ደወሉስ?" ተባለ። አንዱ ተነሥቶ፣ "ቱምቱ ብረት አግኝቶ ይምራል እንዴ? ማረሻ አድርጎታል" አለ። የተከራከረ አልነበረም። እናቴ እቃዋን ጠቀለለች፣ ወደ ነቀምቴ መጣን።

ይህን ሁሉ ችዬ ኖሬ ነበር። አሁን ግን ጥር ላይ ኢዮቤልዩ ያከብራሉ። የመዘምራኑን ጋዎን እንድሰፋ ያዘዘችኝ ሜቲ የምትባል የዚያው አገር ልጅ ናት፤ የማን ልጅ መሆኔን አታውቅም። ስለካት ጆሮዬ ላይ እየጮኸች፣ ኦቦ ኩማ የሚባሉት ሽማግሌ የቤተ ክርስቲያኗን ታሪክ በሕዝብ ፊት እንደሚያነብቡ ነገረችኝ። "ቀጥቃጩ ደወሉን ማረሻ እንዳደረገው ሁሉ አለበት!" ብላ ሳቀች። መቀሱን ከእጄ አስቀመጥኩና ልኬቴን ቀጠልኩ።

ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይላሉ። የአባቴ ስም እንዴት እንደዋለ የማውቀው እኔ ነኝ። አንድ ጊዜ ከተነበበ ደግሞ የልጅ ልጅ ይማረዋል። ልጄ፣ ወርቁ ከታገሰህ፣ ያን ማሽን ረግረጉ ላይ አሳልፍልኝ።

የሲና እናት


ቡርቃ ሶረማ፣ ኅዳር 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአዮ ቀለሟ፣

ጤናዎ እንዴት ነው? ሲናስ? ጎረቤቶችዎስ? ነጋ፣ ሰላም ይሁኑልኝ። ደብዳቤዎን ወንዙ ዳር ተቀምጬ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ለማንም ያልነገሩትን ለእኔ ስለነገሩኝ አመሰግናለሁ። ግቢዎ ውስጥ ያ ሁሉ ጊዜ ስኖር፣ ስለ እኔ እናትና አባት፣ ስለ እህቶቼ ባሎች ሳይቀር ሲጠይቁኝ፣ አንድ ቀን እንኳ "የእርስዎስ አባት?" አለማለቴ ነው የቆጨኝ።

በቢራቱ በላኩልኝ ቁራጭ ወረቀት ጂሩ ምን አለ ብለው ተጨንቀዋል። ምን ይላል! መጀመሪያ "ወርቁን ትተን ቸርኬ?" ብሎ ኮስተር አለ። ቀጥሎ "ጩኮውን የላኩት እናት ናቸው?" አለ። አዎ ስለው ባትሪውን ራሱ ሞላልኝ። ወርቅ ላበደረ ጠጠር ይባላል፤ እርስዎ ግን በጩኮ ማሽን ተከራዩ።

ረግረጉ የቤተ ክርስቲያኗ የሣር መሬት ስለሆነ ኦቦ ኩማን ማስፈቀድ ነበረብን። የማን መልክተኛ መሆኔን አልሸሸግኩም። እርስዎም አትሸሽግ ብለውኝ ነበር። ክፉ ሰው አይደሉም አዮ። በርጩማ አውጥተው አስቀመጡኝ፣ ወተት ሰጡኝ። ስለ አባትዎ ሲናገሩ ግን ፊታቸው ጠቆረ። ያሉትን እንዳለ ጻፍልኝ ስላሉ እጽፋለሁ፦ "ደረሳ ጎበዝ ሠራተኛ ነበር። ግን ቤተ ክርስቲያናችን ከተዘጋች በኋላ እሁድን እንኳ መሻር ጀመረ። እኛ በየቤታችን ተደብቀን ስንጸልይ እሱ እሁድ ጠዋት መዶሻውን ያነሣ ነበር። ሰንበትን የማይፈራ ሰው ደወልን ይፈራል?" ካሉ በኋላ፣ "ፈልጉ። ከኢዮቤልዩው በፊት ካገኛችሁት ያቺን መስመር በገዛ እጄ እሰርዛታለሁ። ካላገኛችሁት ትነበባለች" አሉ። የሽማግሌ ቃል ነውና ያዝኩት።

ማዞሪያዋን መልሼ ማሽኑን ለብረት ከፍቼዋለሁ። ከጀመርኩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ብረት ሲጮህ ደስ አለኝ። እስካሁን ያገኘነው አንድ የተሰበረ ማጭድ፣ የከብት ደወል፣ የጥይት ቀለህና የከንፈር ቀለም ክዳን ነው። ክዳኑ ወርቃማ ስለሆነ ጂሩ ለአፍታ እልል ብሎ ነበር።

የከብቱ ደወል ሲወጣ የእኔም ልብ ዘሎ ነበር፤ ግን ያሉን ቀናት ብዙ ናቸው፤ ረግረጉም ሰፊ ነው።

ልጅዎ ሽብሩ


ነቀምቴ፣ ኅዳር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ሽብሩ፣

ነጋ ነኝ፤ ሲናም ነጋ ናት። በቢራቱ ጩኮና ሁለት ጥንድ ካልሲ ልኬያለሁ። አንዱ ጥንድ የጂሩ ነው፤ እግሩን ስለማላውቀው ትልቅ አድርጌዋለሁ። ባትሪ ለሞላ ሰው ይህ ትንሽ ነው።

በቁራጭ ወረቀት አህያዋ ስትመለስ ባዶ ነበረች ወይ ብለህ የላክኸው ደርሶኛል። ባዶ አልነበረችም። አባቴ ወደ ረግረጉ በወረደ ቁጥር ጥቁር ጭቃ ሳይዝ አይመለስም ነበር፤ ምድጃውን የሚለስነው በእሱ ነው። ያን ቀንም ሁለት ስልቻ ጭቃ ጭኖ ነው የመጣው። ሰው ቢያየው ጭቃ ሊያመጣ የሄደ ቀጥቃጭ ነው። ብልጠቱ ይኼ ነበር።

የኦቦ ኩማን ነገር አንብቤ ተናደድኩ፤ ቀጥሎ ደግሞ አዘንኩ፤ ምክንያቱም እውነታቸውን ነው። እሁድ ጠዋት ይመታ ነበር። እናቴ ስንት ጊዜ ተጣልታዋለች መሰለህ፤ "በደሃ ስማችን ላይ ሰንበት ሻሪ መባል ትጨምርልናለህ?" ትለው ነበር። እሱ ግን አይተውም። እሳት ሳያነድ፣ ወናፍ ሳይነካ፣ ብረት የሚቀጠቅጥበትን መስፍ ባዶውን ይመታዋል። ጥቂት ጊዜ ነው። ከዚያ መዶሻውን አስቀምጦ እጁን ይታጠባል። የሚቀጠቀጥ ብረት ሳይኖር መስፍ የሚመታ ሰው እኔም አይቼ አላውቅም። ሐዘን ነው ብዬ ትቼዋለሁ።

ምን ትዝ ይልሻል ብለህ ጠይቀሃል። እኔ ደግሞ ትዝ የሚለኝ ፋይዳ የሌለው ነገር ነው። ከትምህርት ቤት ስመለስ ሥራ ቤቱ ወለል ላይ ደረቴን ለጥፌ እተኛ ነበር። መዶሻው ሲያርፍ ከመሬቱ ወጥቶ ሆዴ ውስጥ እንደ ንብ እም… ይላል። በዚያ መሃል እንቅልፍ ይወስደኛል። ሰው በፀጥታ ይተኛል፤ እኔ የምተኛው በመዶሻ ነበር። አሁን ጆሮዬ ከጠፋ ወዲህ ይኼ ብዙ ጊዜ ይናፍቀኛል።

ጋዎኖቹን ጀምሬያለሁ። ሰማያዊ ናቸው፣ አንገታቸው ነጭ። ሜቲ ስትመጣ ከፊቴ ምንም አይነበብብኝም።

እግዜር ይስጥልኝ ልጄ። ብታገኘውም ባታገኘውም እግዜር ይስጥልኝ።

የሲና እናት


ቡርቃ ሶረማ፣ ታኅሣሥ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

አዮ ቀለሟ፣

ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ደብዳቤዬ ቆየ። የቆየውም ደብዳቤ መጻፊያ አጥቼ አይደለም። ካልሲው ልክ ነው፤ ጂሩ የራሱን አውልቆ አያውቅም።

ደብዳቤ ያልላክሁት ምሥራች ይዤ ልጽፍልዎ ስጠብቅ ነው። ረግረጉን ጨርሰናል አዮ። ከወንዙ እስከ ዋርካው ድረስ ገመድ እየዘረጋን፣ እየተፈራረቅን፣ ሣሩን ሳይቀር እያጨድን ሄድንበት። ቸርኬን የሚያህል ብረት ቢኖር ማሽኑ አያልፈውም ነበር፤ በዚህ እምላለሁ። ሰው ሌላ ጊዜ አውጥቶት ይሆናል፣ ወይም ወንዙ ወስዶት ይሆናል ብዬ ራሴን ላታልል ሞከርኩ። ልቤ ግን አልተቀበለኝም።

ኦቦ ኩማ ትናንት ወደ እኛ ወርደው ነበር። ልፋታችንን አይተው አዘኑልን። ሲሄዱ ግን ዘወር ብለው፣ "የብረት ነገር ከጠፋ የሚፈለገው ከቀጥቃጭ ቤት ነው፤ እናንተ ግን ሁሉን ስታስሱ እሱን ዘለላችሁት" አሉኝ።

የአባትዎን ሥራ ቤት አይቼዋለሁ። ቤቱ ፈርሷል፤ ቦታው ግን እንዳለ ነው። ቱምቱ የሠራበትን መሬት ማንም አያርሰው፣ ከብትም አያሰማራበት፤ ዙሪያው በቆሎ ሆኖ መሃሉ ሳማ በቅሎበታል። እስካሁን ያልነካሁት በሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ እዚያ ማሽኑን ማብራት ማሳበድ ነው፤ መሬቱ ሁሉ የብረት ቅርፊትና ቁርጥራጭ ስለሆነ እግር የሚያሳርፉበት ሁሉ ይጮኻል። ሁለተኛ፣ የአባትዎ ቦታ ነው። እርስዎ ሳይፈቅዱልኝ አልረግጠውም።

ምን ይላሉ?

ሽብሩ


ነቀምቴ፣ ታኅሣሥ 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሽብሩ፣

አይሆንም። እዚያ እንዳትቆፍር።

ልፋትህን አልረሳም። ለአንተና ለጂሩ ምስጋናዬ ብዙ ነው፤ ፈጣሪ ወርቁን ከእግራችሁ ሥር ያውጣላችሁ። አሁን ግን ወደ ወንዛችሁ ተመለሱ። 

የሲና እናት


ነቀምቴ፣ ታኅሣሥ 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ሽብሩ፣

ከትናንት በስቲያ የላክሁት ደብዳቤ ያለ ሰላምታ ተጀምሮ ያለ ሰላምታ እንዳለቀ ያወቅሁት ቢራቱ ከሄደ በኋላ ነው። እንዲህ ያለ ደብዳቤ የጻፈ ሰው ቤቴ ራት አይቀርብለትም፤ ስለዚህ ትናንት ጦሜን አደርኩ። አካም ጅርታ? ነጋ? ፈያ? ጂሩስ?

ለምን እምቢ እንዳልኩ ልንገርህ። ፈርቼ ነው። ቸርኬው በጠፋበት ዓመት አባቴ ማረሻ በብዛት ሠርቷል። አስታውሳለሁ፣ በዚያ ዓመት ነው ጫማ የገዛልኝ። ብረቱን ከየት አመጣው? ልጅ ሆኜ አልጠየቅኩም፤ ካደግሁ በኋላ ግን ይኼ ጥያቄ ከእኔ ጋር ነው የሚተኛው። ሰው ሁሉ ሲያማው እኔ በሆዴ "ረግረጉ ውስጥ አለ" እያልኩ እጽናና ነበር። አሁን ረግረጉ ውስጥ የለም። ሥራ ቤቱን ብትቆፍርና የተቆረጠ ቸርኬ ብታገኝስ? ቄሱ ያመኑትን አደራ በልቶ ቢሆንስ? ኩማ ከሚያነብበው ይልቅ ያ ነው የሚገድለኝ።

ሲና ደብዳቤህን ሠርቃ አነበበች። (ሌባ ናት፤ በእኔ ወጣች።) ቀጥሎ የጋዎኑን ጠመኔ አንሥታ የመቁረጫው ጠረጴዛ ላይ በትልቁ ጻፈችልኝ፦ "አያቴን የምታምኚው መሬቱ እስካልተቆፈረ ድረስ ብቻ ነው?"

ጽሑፉን ልጠርግ ጨርቅ አንሥቼ መልሼ አስቀመጥኩት። እውነቷን ነው። እንዲህ ያለ እምነት ለአባቴ አይገባውም።

ቆፍር። ሙሉውን ብታገኝ፣ ቁራጩን ብታገኝ፣ ያገኘኸውን ጻፍልኝ። አታሳምርልኝ፤ ስትዋሽ ፊደልህ እንደሚያጋድል ከተማሪነትህ ጀምሮ አውቃለሁ። ከመርገጥህ በፊት ግን ዳር ላይ ቁምና "ነጋ፣ ኦቦ ደረሳ" በለው። ለብዙ ዓመት ሰላም ያለው ሰው የለም።

የሲና እናት


ቡርቃ ሶረማ፣ ታኅሣሥ 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

አዮዬ፣

ሰላም ለእርስዎ፣ ለሲና፣ ለመቁረጫው ጠረጴዛ ሳይቀር። ፊደሌን ይመልከቱት፤ ቀጥ ብሎ ነው የቆመው።

እንዳዘዙኝ ዳር ላይ ቆሜ ሰላም አልኩ። ጂሩም ኮፍያውን አውልቆ ሰላም አለ። ሳማውን አጨድን። ማሽኑ እንደጠበቅነው ሆነ፤ ከማብራቴ ጮኸ፣ እስካጠፋው አላባራም። ስለዚህ አጥፍተነው ላይኛውን አፈር በእጃችን ለቀምነው፣ በወንፊት ነፋነው። ቁርጥራጩን ሁሉ ዳር ላይ በየዓይነቱ ከመርነው። የቸርኬ ቁራጭ ይኖር እንደሆነ ነው ያስጨነቀዎ። የተቆረጠ ብረት ሞልቷል አዮ። አንድ በአንድ አገላብጬ አይቼዋለሁ፤ ሁሉም የባሌስትራ ቁራጭ ነው። የመኪና ባሌስትራ ዝርግና ወፍራም ነው፣ ጫፉ ላይ ቀዳዳ አለው፤ ከቸርኬ ጋር አይምታታም። ኦቦ ኩማ ራሳቸው መጥተው አይተው፣ "ያን ዓመት ድልድዩ ጋ የተገለበጠው የቡና መኪና ነው፤ ሰው ሁሉ ከእሱ ነቅሏል፣ እኔም ነቅያለሁ" አሉ። ስለዚህ የጫማዎን ነገር ይተዉት። በሰላም ያደረጉት ጫማ ነው።

አፈሩ ከጸዳ በኋላ ትንሿን የመፈለጊያ ሰሐን ማሽኑ ላይ ገጥሜ እንደገና ጀመርኩ። አሁን ጭጭ አለ። እየተንፏቀቅሁ መሃሉ ጋ፣ መስፉ ቆሞበት የነበረው ቦታ ስደርስ ጮኸ። ትንሽ ወደ ግራ አልኩ፣ አሁንም ጮኸ። ድምፁን ተከትዬ ስሄድ፣ አዮ፣ ድምፁ ታጠፈ። እየታጠፈ ሄዶ፣ እየታጠፈ ሄዶ፣ ተነሥቼ ወደነበርኩበት መለሰኝ። ዙሪያውን ይጮኻል፣ መሃሉ ዝም ነው። ጂሩ በሚስማር መሬቱ ላይ አሰመረልኝ። ክብ ነው።

አንድ ስንዝር ስንቆፍር ቀዩ አፈር አለቀ። ከሥሩ ጥቁር ጭቃ ነው፤ እንደ ሸክላ የደረቀ፣ ረግረጉ ውስጥ ያለው ዓይነት።

ከዚህ በላይ አልጻፍም፤ አልቆፈርንምም። ኦቦ ኩማ እጄን ይዘው፣ "ቀሪውን የምታወጣው ልጁ ናት" አሉኝ። ቢራቱ ሐሙስ ከበርዎ ላይ ይወስድዎታል። የፊቱን ወንበር አስይዣለሁ። እባክዎ ይምጡ።

ሽብሩ


ነቀምቴ፣ ጥር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ኢልማ ኮ ሽብሩ፣

ወርቅ አገኘን ብለህ ጽፈሃል! እልልታዬን ጎረቤት ሰምቶ ምን ሆነች ብሎ መጣ። ባቄላ የምታህል ከሆነች ጂሩ ካልሲውን የሚቀይርበት ጊዜ ደርሷል ማለት ነው። ፈጣሪ ይመስገን። እኔ ግን ድርሻ አልፈልግም፤ ድርሻዬን አስቀድሜ ወስጃለሁ።

ኢዮቤልዩው ዕለት ለምን ከሕዝቡ መሃል ተነሥተሽ ሄድሽ፣ ያስቀየመሽ አለ ወይ ብለህ ጠይቀሃል። የለም ልጄ። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ያን ልነግርህ ነው።

የመጀመሪያውን አንተም አይተኸዋል። ጭቃውን በእጄ ስፈቀፍቀው ቸርኬው ሙሉውን ወጣ፤ መዶሻ አልነካው፣ እሳት አልነካው። መሃሉ ላይ የበሰበሰ ግንድ ቆሞ ነበር፤ መስፉ ይቀመጥበት የነበረው ግንድ። አባቴ ቸርኬውን ረግረግ ወስዶ፣ በአንዱ ስልቻ ውስጥ በጭቃ ሸፍኖ መልሶ አምጥቶት ኖሯል። መሬት ውስጥ አስተኝቶ፣ የመስፉን ግንድ መሃሉ ላይ ተክሎ፣ በዚያው ጭቃ ለሰነው። ካድሬ ቀጥቃጭ ቤት ብረት ቢያይ ምን ይደንቀዋል? እኔ ሞኟ ዕድሜዬን ሙሉ ረግረጉን አምኜ ኖርኩ። ኦቦ ኩማ ደግሞ አባቴ ይቀመጥበት የነበረው ድንጋይ ላይ፣ ማንም ተቀምጦበት የማያውቀው ላይ፣ መጥተው ቁጭ አሉ። ለእኔ ከይቅርታ ቃል በላይ ነበር። የያዝነውን ዳቦም እዚያው ቆርሰው ከእኔ ጋር በሉ።

አንተ ከዳር ቆመህ ያላየኸው እሁድ ዕለት በውስጤ የሆነውን ነው። ዋንዛው ሥር ደወሉ ተሰቅሎ፣ መዘምራኑ በእኔ ሰማያዊ ጋዎን ተሰልፈው፣ (ሜቲ አንገቷን ደፍታ ነበር፤ ሳምኳት፣ ልጅ ናት) ኦቦ ኩማ የብረቱን ዘንግ ለእኔ ሰጡኝ። መታሁት። ሕዝቡ ሲያለቅስ አየሁ። እኔ ግን ምንም አልሰማሁም። ለምን ልዋሽህ፣ ቅር አለኝ። ይህን ሁሉ ዘመን ጠብቄ ጆሮዬ ከጠፋ በኋላ መጣ ብዬ ፈጣሪን ልወቅስ ነበር።

መዳፌን ቸርኬው ላይ አሳረፍኩ። እንደ ስፌት መኪናዬ፣ ልማድ ሆኖብኝ። ኦቦ ኩማ ዘንጉን ተቀብለው መቱት። ያን ጊዜ በእጄ ገብቶ፣ በክንዴ ወጥቶ፣ ሆዴ ውስጥ እም… አለ። ልጄ፣ አወቅሁት! ሥራ ቤቱ ወለል ላይ ተኝቼ ከመሬት ይመጣልኝ የነበረው እሱ ነው። መስፉ ሲመታ ከሥሩ ደወሉ ይደወል ኖሯል። የተዘጋች ቤተ ክርስቲያን ደወል ላይ ነበር በልጅነቴ የምተኛው።

ኦቦ ኩማ ሁለተኛ መቱት፣ ሦስተኛ መቱት፣ አቆሙ። የቤተ ክርስቲያኗ ደወል ድሮም እሁድ ጠዋት የሚመታው ሦስት ጊዜ ነውና። እዚህ ላይ ነው ዓይን ለዓይን የተያየነው። እሳቸውም በዚያች ቅጽበት ገባቸው። እሳት የሌለበት መስፍ፣ እሁድ ጠዋት፣ ጥቂት ጊዜ ብቻ ተመቶ የሚተው። አባቴ ሰንበት አልሻረም። ሰንበት ሲያውጅ ነበር። እነሱ በየቤታቸው ተደብቀው ሲጸልዩ የጸሎቱን ሰዓት የሚደውልላቸው እሱ ነበር፤ እነሱ ግን እያሙት ጸለዩ። ለማን ይናገር? ምሏል።

ሽማግሌው እዚያው ተንበረከኩ። ታሪኩን ሲያነቡ ያቺን መስመር መሰረዝ ብቻ አይደለም፣ "ቤተ ክርስቲያናችን በተዘጋችበት አሥራ ሁለት ዓመት ደወላችን ዝም ብሎ ነበር" የሚለውንም ሰርዘው፣ "ደረሳ በሕይወት ሳለ አንድም እሁድ ዝም አላለም" ብለው አነበቡት። ሲና ናት ጽፋ ያሳየችኝ። ያን ጊዜ ነው የተነሣሁት። አባቴ ቦታ ሄጄ፣ ሳማው የታጨደበት ላይ ደረቴን ለጥፌ ተኛሁ። በስድሳ ዓመት ዋዜማ እንዲህ ያለ እንቅልፍ ተኝቼ አላውቅም።

አንተን በምን ልመርቅህ? ሁሉ ሰው ዘሎት የሚያልፈውን ብረት ለእኔ ስትል ቆመህ ሰማኸው። ያ ማሽን ወርቅ ሲያገኝም ብረት ሲያገኝም ይባረክ። ቤቴ ቤትህ ነው፤ ክፍልህን ለማንም አላከራየሁትም።

ሰዎች አሁንም ያዝኑልኛል። "ምስኪን፣ ደወሉ ሲወጣ አልሰማችም" ይላሉ። ይበሉ። እኔ ከሁሉም በፊት ሰምቼዋለሁ።

እናትህ
ቀለሟ ደረሳ